ጭስ ጠረጋ፦ ማርሚታው ሲቆረጥ ሞተሩ የሚያጣው

አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣው ዳገት ሞተር ይፈትናል። ሰው የሞላ ባጃጅ ማርሽ እየቀነሰ ሲወጣው፣ ማርሚታው የተቆረጠውና ያልተቆረጠው ገና ከሩቅ በድምፃቸው ይለያሉ። የተቆረጠው ይጮሃል። መንገደኛውም ሾፌሩም ያ ሞተር ጉልበት የጨመረ ይመስላቸዋል። ጋራዥ ውስጥ የሚሰጠው ምክንያት አጭር ነው፦ «ማርሚታው እያፈነው ነው፤ ይተንፍስ።»

አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። የታፈነ ሞተር ጉልበት ያጣል። ሌላው ግማሽ ግን አይነገርም፤ ምክንያቱም መጠሪያ የለውም። የሞተር መጻሕፍት «ስካቬንጂንግ» የሚሉትን ነገር በአማርኛ «ጭስ ጠረጋ» እንድንለው ሐሳብ አቀርባለሁ። ትርጉሙም፦ ከሲሊንደር የሚወጣው ጭስ በራሱ ፍጥነትና በሚፈጥረው የግፊት ሞገድ፣ ወደ ኋላ የቀረውን ጭስ ስቦ ማውጣቱና ለአዲሱ አየር ቦታ ማስለቀቁ ነው። «ጭስ ማስወጣት» ብንል አይበቃም። ማስወጣት የፒስተኑ ሥራ ነው፤ ጠረጋ ግን የቱቦው ሥራ ነው። ማርሚታ የሚቆርጥ ሰው የሚነካውም ይህንን የቱቦውን ሥራ ነው።

አራት ምት ባለው ሞተር የጭስ ቫልቩ የሚከፈተው ፒስተኑ ታች ሳይደርስ ነው። በዚያች ቅጽበት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ጭሱ ራሱ ፈንድቶ ይወጣል። ቀጥሎ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመለስ የተረፈውን ይገፋል፤ ግን ገፍቶ አይጨርሰውም። በፒስተኑና በቴስታታው መካከል ምንጊዜም ክፍት ቦታ አለ፤ እዚያ የቀረውን ጭስ ፒስተኑ አይደርስበትም። ይህ ቅሪት የአዲሱን አየር ቦታ ይይዛል፣ ያሞቀዋልም። የጭስ ጠረጋ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ፈንድቶ የወጣው ጭስ ቱቦው ውስጥ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ክብደት ስላለው በፍጥነት እየሮጠ ሳለ በአንዴ አይቆምም፤ በሄደበት ከኋላው ግፊቱ ዝቅ ያለ ቦታ ይተዋል። ሁለተኛ፣ የግፊት ሞገድ ይለቃል። ሞገዱ በጋለው ጭስ ውስጥ በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ጭሱን ራሱን ቀድሞት ይሄዳል። ቱቦው ወደ ሰፊ ቦታ የሚከፈትበት ጫፍ ላይ ሲደርስ ከፊሉ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ተገልብጦ ነው። ከፍተኛ ግፊት ሆኖ የሄደው ዝቅተኛ ግፊት ሆኖ ይመጣል። ቫልቩ ጋ የሚደርሰው የጭስ ቫልቩ ሊዘጋ፣ የአየር ማስገቢያው ደግሞ ሊከፈት ሲል ከሆነ፣ ሁለቱም ለአፍታ አብረው ክፍት ናቸውና፣ ቅሪቱን ጠርጎ ያወጣዋል፤ አዲሱንም አየር ፒስተኑ መውረድ ሳይጀምር መሳብ ይጀምራል።

አርባ ምንጭ ይህን ለመረዳት የምትመች ከተማ ናት። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. ሲመሠረት የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። እዚያ ሃይድሮሊክስ የተማረ ሁሉ፣ የውሃ ቱቦ ቫልቭ ድንገት ሲዘጋ የሚነሳውን የግፊት ሞገድ ያውቀዋል፤ ሞገዱ እስከ ገንዳው ሄዶ፣ ተገልብጦ ተመልሶ ቱቦውን እንደሚመታም ያውቃል። የሁለቱ ሕግ አንድ ነው። ውሃ ላይ ይህ ሞገድ ቱቦ የሚሰብር ጠላት ነው፤ ሞተር ላይ ግን የመመለሻ ሰዓቱን ላወቀበት ያገለግላል።

ሰዓቱ ነው ቁም ነገሩ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለውን ቱቦ ሞገዱ ደርሶ መልስ ለመሄድ 4 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ዙር የሚዞር ከሆነ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ የክራንኩ ዘንግ 144 ዲግሪ ይዞራል፤ በ3000 ዙር ግን 72 ዲግሪ ብቻ። ስለዚህ በአንዱ ዙር በሰዓቱ የደረሰው ሞገድ በሌላው ዙር ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል። በማይገባው ሰዓት ከደረሰ ደግሞ የወጣውን ጭስ መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ሊገፋው ይችላል። በሁሉም ዙር የሚጠርግ ቱቦ የለም። የእሽቅድምድም መኪና ቱቦ የተሠራው ላይኛውን ዙር አስቦ ነው። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ለሚውል የከተማ መኪና ያንኑ ቱቦ መግጠም፣ ሾፌሩ በየቀኑ የሚጠቀምበትን ጉልበት ወስዶ በዓመት አንዴ የሚደርስበትን መስጠት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ሌላም ቃል ያስፈልገናል። ቱቦው፣ ካታላይዘሩና ማርሚታው የጭሱን መንገድ ሲያጠቡ የሚፈጠረውን ተቃራኒ ግፊት «የመልስ ግፊት» ልንለው እንችላለን። «ሞተር ትንሽ የመልስ ግፊት ይፈልጋል» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በልምድ ያዩት ነገር ስላለ ይህን ማለታቸው አያስገርምም። ሰፊ ቱቦ ሲገጠም መኪናው ዝቅተኛ ዙር ላይ ይደክማል። ሆኖም ሞተሩን የጎዳው የመልስ ግፊት ማነሱ አይደለም። ቱቦው ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጠረጋው ይዳከማል። ሞተር የመልስ ግፊት የሚፈልግበት ሰዓት አንድ ብቻ ነው፦ ሊያቆም ሲፈልግ። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ጭነት ይዞ የሚወርድ የአይሱዙ ሾፌር የሞተር ፍሬኑን ሲይዝ የሚሆነው ይኸው ነው። ጭስ ቱቦው ውስጥ ያለች መዝጊያ ትዞርና መንገዱን ትዘጋለች፤ ፒስተኖቹ ከታፈነው ጭስ ጋር እየታገሉ መኪናውን ይይዙታል።

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ ጠረጋው የጋራ ሥራ ይሆናል። የአንዱ ሲሊንደር ጭስ ሲወጣ የሌላውን እንዲስብ ከተፈለገ፣ ቱቦዎቹ የሚገናኙበት ቦታና ቅደም ተከተል መታሰብ አለበት። የተለመደው የማቀጣጠል ተራ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት ነው፤ ስለዚህ አንደኛውን ከአራተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው አጣምሮ፣ በመጨረሻ ሁለቱን ጥንዶች አንድ የሚያደርግ ቱቦ መካከለኛው ዙር ላይ ያግዛል። አራቱንም በአንዴ የሚያገናኘው ላይኛው ዙር ላይ ይበረታል። በብየዳ ብቻ፣ ርዝመቱ ሳይለካ የተሠራ ቱቦ ሁለቱንም ላይሰጥ ይችላል።

ድምፁስ? የምንሰማው ጩኸት ያው የግፊት ሞገድ ነው፤ ቱቦውን ጨርሶ ወደ አየር የወጣው። ባለ አራት ሲሊንደር መኪና በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ያፈነዳል፤ ባለ አንድ ሲሊንደሩ ባጃጅ በዚያው ዙር 25 ጊዜ ብቻ። የመኪናው ድምፅ የተያያዘ ሆኖ የባጃጁ የተቆራረጠ የሚመስለው ለዚህ ነው። ማርሚታ ድምፁን የሚቀንሰው በሁለት ዘዴ ነው። አንዱ ሞገዶቹ እርስ በርሳቸው እንዲጣፉ በክፍሎች ውስጥ ማመላለስ ነው፤ ሌላው በተበሳሳ ቱቦ ዙሪያ በተጠቀጠቀ የመስታወት ወይም የድንጋይ ጥጥ ውስጥ ድምፁን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ሚልተን ሪቭስና ወንድሙ ማርሻል በአሜሪካ ኢንዲያና ለመኪና ማርሚታ የፈጠራ መብት ያገኙት በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ጩኸቱ አስቀድሞ አሳስቦ ነበር ማለት ነው።

ጩኸትን ከጉልበት ጋር ማያያዝ የጆሮ ስህተት ነው። ከቤንዚኑ ኃይል ሲሶ ያህሉ በጭሱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ በድምፅ የሚወጣው ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ድምፁ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሯችን እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማዋል፤ የሞተሩ ጉልበት ግን ንቅንቅ ላይል ይችላል። ፋብሪካው በአግባቡ የሠራውን የአንዲት ቪትዝ ወይም ኮሮላ ማርሚታ ቀይሮ የሚገኘው ጭማሪ፣ ከተገኘ፣ ከመቶ ጥቂት ነው።

የሚመጣው ጉዳት ግን ተጨባጭ ነው። ካርቡሬተር ያለው ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ማርሚታው ሲቆረጥ የአየርና የቤንዚን ሚዛኑ ሊዛባ ይችላል። ድብልቁ ሲሳሳ ሞተሩ ይግላል፤ ነዳጅ ሲለቀቅ ቱቦው ውስጥ «ጧ ጧ» የሚለው ድምፅም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ካርቡሬተሩ ካልተስተካከለ የጭስ ቫልቩ በሙቀት ይጎዳል። ኮምፒውተር ያላት መኪና ደግሞ ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር አላት። ቱቦው ከሴንሰሩ በፊት ከተሰነጠቀ ወይም ብየዳው ካፈሰሰ፣ ያ ተገልብጦ የሚመለሰው ዝቅተኛ ግፊት ከውጭ አየር ይስባል። ሴንሰሩ ኦክስጅን በዛ ይላል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን አነሰ ብሎ ይጨምራል። የመኪናው ባለቤት ነዳጅ በላችብኝ ይላል፤ ፓምፑን ይቀይራል፣ ካንዴላ ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን ቱቦው ላይ ያለች የፀጉር ያህል ስንጥቅ ናት። ለመካኒኮቻችን «ጭስ ጠረጋ» የሚል ቃል ቢኖራቸው ከሁሉ በፊት የሚጠቅማቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ቱቦ መግፋት ብቻ ሳይሆን መሳብም እንደሚችል ያስታውሳል።

ካታላይዘር አውጥቶ መሸጥም እየተለመደ ነው፤ ውስጡ ያለው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ዋጋ ስላለው። የተዘጋ ካታላይዘር በእርግጥ ሞተር ያፍናል። ጤነኛው ግን የሚያስከትለው የመልስ ግፊት ጥቂት ነው፤ ሲወጣ ካርቦን ሞኖክሳይዱና ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ሳይጣራ ሴቻ በር ላይ ወደ ተቀመጠው ሕፃን አፍንጫ ይሄዳል። ይህን በገንዘብ መለወጥ አይገባም።

ቱርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር የተለየ ነው። ቱርቦው የሞገዱን ምት ስለሚበትነው ከሱ በኋላ ያለው ቱቦ ለጠረጋ ብዙም አያገለግልም፤ እዚያ ሰፋ ያለ ቱቦ ቱርቦው ፈጥኖ እንዲዞር ያግዘዋል። «ይተንፍስ» የሚለው ምክር ሙሉ በሙሉ እውነት የሚሆነው ለነዚህ ነው። ለአንዱ መኪና የሠራ ነገር ለሌላው የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ዶርዜን አልፎ ጨንቻ የሚወጣ ሾፌር መኪናው ሲደክምበት ብዙ ጊዜ ማርሚታውን ይጠረጥራል። ጥፋቱ የከፍታው ነው። አርባ ምንጭ ወደ 1300 ሜትር፣ ጨንቻ ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የአየር ግፊቱ አርባ ምንጭ ላይ ከባሕር ጠለሉ 86 በመቶ ገደማ ሲሆን ጨንቻ ላይ ወደ 72 በመቶ ይወርዳል። የደጋው ቅዝቃዜ አየሩን አጥብቆ ትንሽ ይመልስለታል እንጂ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ያጣውን አየር የትኛውም ቱቦ አያመጣለትም።

ጭስ ጠረጋ ከሁሉ በላይ የሚገዛው ባለ ሁለት ምት ሞተርን ነው፤ ጭሱን የሚገፋ የብቻው ምት ስለሌለው ያለ ጠረጋ መሥራት አይችልም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ጀርመን የኤምዜድ ሞተር ሳይክል ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ዋልተር ካደን ይህን ከማንም በላይ አወቀበት። ሆዱ ሰፍቶ ጫፉ የሚጠብ ቱቦ ሠርቶ፣ የተገለበጠው ሞገድ ጭሱን እንዲስብ፣ ከጠባቡ ጫፍ የሚመለሰው ደግሞ አብሮ ያመለጠውን አዲስ ድብልቅ መልሶ እንዲያስገባ አደረገ። በ1961 እ.ኤ.አ. 125 ሲሲ ሞተሩ 25 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሰጠ። በዚያው ዓመት ጋላቢው ኤርንስት ደግነር ወደ ምዕራብ ኮብልሎ ዕውቀቱን ለሱዙኪ ወሰደ፤ በቀጣዩም ዓመት በሱዙኪ የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ቱቦ እስከዚህ ድረስ የመንግሥታት ምስጢር ሆኖ ነበር።

ጫሞ ሐይቅ ላይ ጎብኚዎችን ወደ አዞ ገበያው የሚወስዱ ጀልባዎች በኋላቸው በሚንጠለጠል ሞተር ይሄዳሉ። የዚህ ዓይነት ሞተሮች ብዙዎቹ ጭሳቸውን በእግራቸው ውስጥ አውርደው በፕሮፔለሩ መካከል ከውሃው በታች ይለቁታል፤ ውሃው ራሱ ማርሚታ ይሆናል። ይህ ለጫሞ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ውሃው ላይ ያረፈው አየር ከላይኛው ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ሰማይ ከመበተን ወደ ሐይቁ ታጥፎ ሩቅ ይጓዛል፤ ጉማሬውና ወፉ ያሉት ደግሞ እዚያ ነው። በከተማም ቢሆን ጩኸት የባለ መኪናው የግል ጉዳይ አይደለም፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሰፈሩን አሰፋፈር ያገናዘበ የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ያዛል።

ማርሚታው አፍኖታል ብሎ የጠረጠረ ሰው ከመጋዙ በፊት ሊለካው ይችላል። የኦክስጅን ሴንሰሩ ተፈቶ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ይገባል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የመልስ ግፊቱ ከ0.1 ባር፣ በደቂቃ 2500 ዙር ሲያዝ ከ0.2 ባር ካልበለጠ ቱቦው ጤነኛ ነው። ከዚያ በላይ ካሳየ ከካታላይዘሩ በኋላ ያለው ብሎን ተፈቶ እንደገና ይለካል፦ ግፊቱ ከወረደ የተዘጋው ማርሚታው ነው፤ ካልወረደ ካታላይዘሩ።