ዕጣና የጉባኤ ወንበር

ዕጣ አድልዎ አያውቅም ይባላል። ነገር ግን ዕጣ የሚደርሰው ለተጠራው ብቻ ነው። በጥንታዊት አቴና 500ው የምክር ቤት አባሎች በዕጣ ይመረጡ ነበር፤ ሆኖም ሴቶች፥ ባሪያዎችና መጻተኞች ከዕጣው ውጭ ነበሩ።

ከ2,000 ዓመት በላይ ቆይቶ በሩ በሰፋ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጉድለት ታየ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ አገር የምርጫውን ሥርዓት የሚመረምር የዜጎች ጉባኤ ሲቋቋም፥ ከ79ኙ የምርጫ ወረዳዎች ከእያንዳንዱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ ወጡ። ጾታው ተመዘነ፤ ዕድሜው ተመዘነ፤ ወረዳውም ተመዘነ። ይሁን እንጂ ከ158ቱ መካከል ከአገሩ ጥንታውያን ተወላጆች አንድ ስንኳ ስላልተገኘ፥ ከእነርሱ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። የጉባኤው ምክር እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ለሕዝብ ድምፅ የቀረበ ስለ ሆነ፥ ወንበሩ ለክብር ያህል ብቻ የተሰጠ አልነበረም።

እንግዲህ ሴትነትን ለብቻ፥ ወገንን ለብቻ፥ ድኽነትንም ለብቻ የሚቈጥር ሰው፥ ሦስቱ በአንድነት የተገናኙባትን ሴት ሳያያት ያልፋል። ልጇን የሚጠብቅላት፥ የቀን ገቢዋንም የሚተካላት ካላገኘች፥ ዕጣው ቢወጣላት እንኳ ወንበሯ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ጉባኤ የሚጠራ ሁሉ የመጡትን ከመቍጠሩ በፊት የቀሩትን ይጠይቅ።