የማኅበራዊ ንድፈ ሐሳብ ማስተማሪያ ጨዋታዎች

የማኅበራዊ ንድፈ ሐሳብ ማስተማሪያ ጨዋታዎች ስለ መደብ፣ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ባህልና ስለ ጋራ ሀብት የቀረቡ ንድፈ ሐሳቦችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተግባር እንዲመለከቱ የሚዘጋጁ ጨዋታዎች ናቸው። በጨዋታው ጊዜ ክፍሉ ለአጭር ሰዓት አንድ ትንሽ ኅብረተሰብ ይሆናል። ደንቡ ሀብትንና ሥልጣንን ለተጫዋቾቹ ያከፋፍላል፤ ከዚያ በኋላ በመካከላቸው የተፈጠረው ነገር ከንድፈ ሐሳቡ ጋር እየተነጻጸረ ውይይት ይደረግበታል።

መነሻ ሐሳብ

ንድፈ ሐሳብ ከሚያጠናቸው ነገሮች ብዙዎቹ በዓይን አይታዩም። «ማኅበራዊ መዋቅር» የሚባለው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በተለመደው ኑሮ ሰው ሀብትን በትጋት፣ ድህነትን በስንፍና ብቻ ሊያስረዳ ይችላል። የጨዋታ ደንብ ግን በግልጽ የተጻፈ ስለሆነ፣ ከውጤቱ የትኛው ከተጫዋቹ ችሎታ፣ የትኛው ደግሞ ከደንቡ እንደመጣ ለመመርመር ይመቻል።

ጨዋታ በንድፈ ሐሳቡ ውስጥም ቦታ አለው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆርጅ ኸርበርት ሚድ፣ ሕፃን ልጅ ደንብ ባለው ጨዋታ ውስጥ የሌሎቹን ተጫዋቾች ሁሉ ድርሻ ማሰብ ሲጀምር ራሱን በኅብረተሰቡ ዓይን ማየት እንደሚማር አስተምሯል። ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ፒየር ቡርድዩ በበኩሉ የማኅበራዊ ኑሮን መስኮች፣ ተጫዋቾቹ እኩል ያልሆነ ካፒታል ይዘው ከሚገቡበት ጨዋታ ጋር አመሳስሏቸዋል።

ታሪክ

ከቀደምቶቹ ምሳሌዎች አንዱ አሜሪካዊቷ ኤሊዛቤት ማጊ እ.ኤ.አ. በ1904 ፓተንት ያገኘችበት «የባለርስቱ ጨዋታ» ነው። ማጊ የኢኮኖሚ ጸሐፊው የሄንሪ ጆርጅ ተከታይ ነበረች። ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው «እድገትና ድህነት» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የመሬት ዋጋ የሚያድገው በኅብረተሰቡ ሥራ ስለሆነ ጥቅሙም በግብር አማካይነት ለሕዝብ መመለስ አለበት ብሎ ተከራክሯል። ማጊ ይህን ሐሳብ በሰሌዳ ጨዋታ አሳየች። በአንደኛው ደንብ ኪራይ ለባለመሬቱ ስለሚከፈል ሀብቱ ቀስ በቀስ በአንድ ሰው እጅ ይከማቻል፤ በሌላው ደንብ ግን የመሬት ኪራይ ወደ ሕዝብ ግምጃ ቤት ይገባል። በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ዋርተን ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ኢኮኖሚስት ስኮት ኒሪንግ ጨዋታውን ለትምህርት ተጠቅሞበታል።

ጨዋታው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መልኩን ቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1935 ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ «ሞኖፖሊ»ን ከቻርልስ ዳሮው ገዝቶ ለገበያ አቀረበ፤ የማጊንም ፓተንት በ500 ዶላር ገዛ። በዓለም የተሰራጨው ሞኖፖሊ የያዘው ተፎካካሪን አክስሮ የማሸነፍን ደንብ ብቻ ነው። የመሬት ጠቅላይነትን ለመንቀፍ የተፈጠረው ጨዋታ በዚህ መንገድ ጠቅላይነት የሚያስደስትበት ጨዋታ ሆነ።

የታወቁ ጨዋታዎች

ስታርፓወር፦ ጋሪ ሸርትስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ጨዋታ ነው። ተማሪዎቹ ዋጋቸው የተለያየ ባለቀለም ጠጠሮች ይለዋወጣሉ፤ ባገኙት ነጥብም አራት ማዕዘን፣ ክብና ሦስት ማዕዘን በሚባሉ ሦስት ቡድኖች ይመደባሉ። ከዚያ በኋላ ለላይኛው ቡድን የተሻሉ ጠጠሮች እንዲደርሱት ይደረጋል፤ የቡድኑ አባላት ግን ይህን ሳያውቁ ብልጫቸውን የችሎታቸው ውጤት አድርገው ሊያዩት ይችላሉ። ቀጥሎ ይኸው ቡድን ደንብ የማውጣት መብት ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ ራሱን የሚጠቅም ደንብ ያወጣል፤ የታችኞቹም ያጉረመርማሉ፣ ያምጻሉ ወይም ጨዋታውን ይተዋሉ። ጨዋታው የካርል ማርክስን የመደብ ትንተናና የማክስ ቬበርን የሥልጣን ቅቡልነት ጥያቄ ለማስረዳት ያገለግላል።

ሲምሶክ፦ ሶሲዮሎጂስቱ ዊልያም ጋምሰን በ1960ዎቹ ያዘጋጀው ነው። ተማሪዎች ሀብታቸው እኩል ባልሆነ አራት ክልሎች ተከፋፍለው ይኖራሉ፤ ከክልል ክልል ለመሄድ የጉዞ ትኬት ያስፈልጋል፤ መኖሪያውን ሳያሟላ የቀጠለ ተጫዋችም እንደሞተ ይቆጠራል። አስቀድሞ የተዘጋጀ መንግሥት ስለሌለ፣ ማኅበራዊ ሥርዓት እንዴት እንደሚመሠረት ተጫዋቾቹ ራሳቸው መወሰን አለባቸው።

ባፋ ባፋ፦ ሸርትስ በ1970ዎቹ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ያዘጋጀው ሲሆን፣ አልፋና ቤታ የተባሉ ሁለት ሰው ሠራሽ ባህሎችን ያገናኛል። ወደ ሌላው ባህል የሚላክ ጎብኚ ደንቡ ስለማይነገረው፣ የማያውቀውን ሰው በራሱ መለኪያ መፍረድ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ይማራል።

የጋራ መዋጮ ጨዋታ፦ 10 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 10 የጨዋታ ብር አላቸው እንበል። ወደ ጋራ ሣጥን የገባው ገንዘብ በእጥፍ ተባዝቶ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል። ሁሉም ሙሉውን ካዋጡ እያንዳንዱ 20 ብር ይደርሰዋል። አንዱ ብቻ ቢያስቀር እሱ 28፣ ሌሎቹ 18 ብር ይይዛሉ። ሁሉም እንደ እሱ ቢያስቡ ግን እያንዳንዱ በ10 ብሩ ይቀራል። ይህ ማንሰር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበውን የጋራ ተግባር ችግር ያሳያል። ተጫዋቾች እንዲነጋገሩ ሲፈቀድላቸው መዋጮው በአብዛኛው ይጨምራል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለችው ኤሊኖር ኦስትሮም ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው ባወጡት ደንብ ሊያስተዳድሩ እንደሚችሉ በሰፊው አጥንታለች።

አካሄድ

ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ገለጻ፣ ጨዋታና የማጠቃለያ ውይይት የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ከሦስቱ ዋነኛው ውይይቱ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ምን እንደሆነና ምን እንደተሰማቸው፣ ቀጥሎ ለምን እንደሆነ፣ በመጨረሻም ከእውነተኛው ኅብረተሰብ ጋር በምን እንደሚመሳሰልና በምን እንደሚለይ ተማሪዎቹን ይጠይቃል።

ትችትና ጥንቃቄ

የጨዋታ ደንብ በራሱ በአንድ ንድፈ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ንድፈ ሐሳቡን ግልጽ ያደርገዋል እንጂ እውነተኛነቱን አያረጋግጥም። ከዚህም በላይ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ድህነት ከትውልድ ወደ ትውልድ ከሚወረስ ድህነት ጋር አይስተካከልም። በኑሮው መገለልን የቀመሰ ተማሪ የተናቀ ቡድን ውስጥ ሲመደብ ሊጎዳ ይችላል። በዚህም ምክንያት ተማሪው በፈለገ ጊዜ ከጨዋታው መውጣት እንዲችል፣ የትምህርቱም ነጥብ በማሸነፍና በመሸነፍ ላይ እንዳይመሠረት ማድረግ ይገባል።

የማጊ ጨዋታ ታሪክ ሌላም ጥንቃቄ ያስተምራል። ደንቡን የሚጠይቅ ውይይት ከጎደለ፣ ኢፍትሐዊነትን ለማሳየት የተሠራ ጨዋታ ተጫዋቹን በኢፍትሐዊነት ማሸነፍን ብቻ ሊያለማምደው ይችላል።