አፍላቶክሲን በተቀባዩ ሲያዝ፦ የፍሎረሰንስ ማስረጃና ወሰኑ

በናይሮቢው ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ለከፈተም ሆነ ለጓዳው ዱቄት ለሚሸምት ሰው አፍላቶክሲን የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ፣ በተለይ በማኩዌኒና በኪቱይ፣ የተበከለ በቆሎ 317 ሰዎችን መርዞ 125ቱን ገድሏል። በኖቬምበር 2019 ደግሞ የኬንያ የደረጃዎች ቢሮ በዚሁ መርዝ ሰበብ አምስት የበቆሎ ዱቄት ምርቶችን ከገበያ አግዷል። የዚህ መጣጥፍ ትኩረት ግን መርዙ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሳይሆን በተቀባይ ሞለኪውል መያዙ በብርሃን የሚለካበት መንገድ ነው። ብርሃኑ ስለጨመረ ወይም ስለቀነሰ ብቻ ትስስር አለ ማለት አይቻልም የሚል ክርክርም ያቀርባል።

አፍላቶክሲን ራሱ ስለሚያበራ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ካለቁ በኋላ ከለውዝ ፋጉሎ ተለይቶ የወጣው መርዝ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ከፊሉ በሰማያዊ፣ ከፊሉ በአረንጓዴ ቀለም አበራ፤ ቢ (ብሉ) እና ጂ (ግሪን) የሚሉት መጠሪያዎችም ከዚያ የመጡ ናቸው። ከቢዎቹ አንዱ የሆነው ቢ1 365 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ጨረር ውጦ፣ ከጉልበቱ ጥቂቱን በሙቀት መልክ ካባከነ በኋላ፣ ቀሪውን በ425 ናኖሜትር ገደማ ይመልሳል። ፍሎረሰንስ የምንለው ይህንኑ ነው።

ታዲያ የገንዘብ ኖት መፈተሻ መብራት ገዝቶ በቆሎው ላይ ማብራት አይበቃም ወይ? አይበቃም። የተሰነጠቀ የበቆሎ ፍሬ በዚህ መብራት ሥር ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ የሚያበራው አፍላቶክሲኑ አይደለም። አፍላቶክሲንን የሚሠራው ሻጋታ የሚያመነጨው ኮጂክ አሲድ በፍሬው ውስጥ ካለው ፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይም ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ውህድ ነው። ስለዚህ የሚያበራ ፍሬ ከመርዙ ነጻ ሊሆን፣ የማያበራውም መርዝ ሊይዝ ይችላል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚፈጸሙ ስሕተቶችም አብዛኞቹ የዚሁ ዘመዶች ናቸው።

ቢ1 ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ብርሃኑ ይደክማል፤ የተዋጠው ጉልበት ወደ ብርሃን ሳይለወጥ ይባክናል። እዚህ ላይ ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን የተባለው ተቀባይ ይገባል። ሰባት የግሉኮስ ሞለኪውሎች ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት፣ ውጪው ውኃ ወዳድ፣ ውስጡ ግን ውኃ የሚሸሽ፣ ክፍተቱም ከ0.6 እስከ 0.65 ናኖሜትር የሚሰፋ ነው። ቢ1 ወደ ክፍተቱ ሲገባ ከውኃው ስለሚከለል ብርሃኑ ይጎላል። ጂ1ም እንዲሁ ነው። የጫፋቸው ፉራን ቀለበት ድርብ ትስስር የሌለው ቢ2 እና ጂ2 ግን ብዙም አይለወጡም፤ በውኃ ውስጥ መጀመሪያውኑም ብርሃናቸው እንደ ቢ1 አልደከመም። ይህ ልዩነት ለተመራማሪ ትልቅ ስጦታ ነው። ሳይክሎዴክስትሪን ሲጨመር የቢ2 ብርሃንም በቢ1 ልክ ከጎላ፣ ተጠያቂው ትስስሩ ሳይሆን መሣሪያው ወይም የፈሳሹ መለወጥ ሊሆን ይችላል።

ልኬቱ ራሱ አያስቸግርም። የመርዙን መጠን ሳይለውጡ ተቀባዩን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ብርሃኑን መመዝገብ ነው። መስመሩ ከፍ እያለ ሄዶ አግድም ይሆናል፤ ተቀባዩ ከመርዙ እጅግ የበዛ ሲሆን የጭማሪው እኩሌታ የተገኘበት የተቀባይ ክምችት የትስስሩን ጥንካሬ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. ከ1949 ወዲህ ብዙዎች የቤኔሲና የሂልደብራንድን ዘዴ ተከትለው ውጤቱን ገልብጠው ቀጥ ባለ መስመር ያሳያሉ። ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ትልቁን ክብደት የሚሰጠው እርግጠኛ ላልሆኑት ለደካሞቹ ንባቦች ነው። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ይቅርታ ይደረግለት ነበር፤ ዛሬ ምክንያት የለውም። ከዚህ ይልቅ ክፍተቱን አጥብቆ የሚይዝ የአዳማንታን ውህድ ጨምሮ መሞከር ይሻላል፤ መርዙ በእርግጥ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ተገፍቶ ይወጣል፣ ብርሃኑም ተመልሶ ይደክማል።

የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ሌላው ተቀባይ፣ የደም አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ነው። የሰው አልቡሚን ትሪፕቶፋን የተባለው የሚያበራ አሚኖ አሲድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ቦታውም 214ኛው ነው። መርዙ ሲጨመር የትሪፕቶፋኑ ብርሃን ይቀንሳል፤ ብዙ ጸሐፊዎችም ወዲያው የስተርንና የፎልመርን የ1919 ቀመር አውጥተው የትስስር ቋሚ ያትማሉ። ችግሩ ቢ1 ራሱ በ265 እና በ362 ናኖሜትር አካባቢ አጥብቆ ጨረር መዋጡ ነው። የመጀመሪያው ትሪፕቶፋኑን ከሚቀሰቅሰው ጨረር ይሻማል፣ ሁለተኛው 340 ናኖሜትር ገደማ ከሚወጣው ብርሃን ይሰርቃል። በሁለቱ ሞገዶች ላይ ያለው የመዋጥ ልክ ተደምሮ 0.2 ቢሆን፣ አንዲት ሞለኪውል ሳትያዝ ብርሃኑ በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ሳይታረም የወጣ ቋሚ ቁጥር ብቻ ነው።

እርማቱ በቀመር ይሠራል፤ እኔ ግን የምመርጠው ፔሪን እ.ኤ.አ. በ1926 መሠረቱን የጣለለትን የፖላራይዜሽን ልኬት ነው። ነጻ የሆነች ትንሽ ሞለኪውል ከአንድ ናኖሰከንድ ባነሰ ጊዜ ትሽከረከራለች፤ ግዙፉ አልቡሚን ላይ ከተጣበቀች ግን አብራው ትዘገያለች። የሚጠየቀው ብርሃኑ ስንት መሆኑ ሳይሆን አቅጣጫውን ምን ያህል መጠበቁ ስለሆነ፣ አጠቃላይ ድክመቱ እምብዛም አያሳስትም።

የትስስሩ ጥንካሬ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ የአዲስ አበባ ወተት ያሳያል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ፣ ሌላው ግቢው አዲስ አበባ የሆነው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። አፍላቶክሲን ኤም1 በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ያልበለጠባቸው 9 ብቻ ሲሆኑ፣ 29ኙ ከ0.5 አልፈዋል። አንዱ ዋና ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነው፤ በመኖው የገባውን ቢ1 የላሟ ጉበት ወደ ኤም1 ይለውጠዋል።

የአውሮፓ ወሰን የሆነው 0.05 ማይክሮግራም በሊትር 0.15 ናኖሞላር ያህል ነው። ሳይክሎዴክስትሪን በዚህ ክምችት መርዙን ከወተት ለቅሞ ለማውጣት አቅሙ አይፈቅድለትም፤ ትስስሩ ልል ነው። ለቀማው የፀረ እንግዳ አካል ሥራ ነው፦ ወተቱ ፀረ እንግዳ አካል በተለጠፈበት አምድ ሲያልፍ ኤም1 ይያዛል፣ ከታጠበ በኋላ በጥቂት ፈሳሽ ይለቀቃል፣ ከዚያም በራሱ ሰማያዊ ብርሃን ይነበባል። በምሥራቅ አፍሪካ ወሰን መሠረት በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም አጠቃላይ አፍላቶክሲን ማለፍ ለማይፈቀድለት በቆሎም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ ቢ1ን ለማጉላት ሳይክሎዴክስትሪን ማከል ይቻላል። ሆኖም መርዙን ከዱቄቱ ለማውጣት የሚውለው ሜታኖል ቢ1ን ከክፍተቱ ስለሚያስወጣ፣ ከመነበቡ በፊት ናሙናው በውኃ መቅጠን፣ የማነጻጸሪያ መስመሩም በዚያው የሜታኖል መጠን መሠራት አለበት።