የምጽዋው የእንግሊዝ ቆንሲል

ቆንሲል የሚባለው ሹም ከአምባሳደር የተለየ ነው። አምባሳደር የንጉሡን ቃል ይዞ በሌላው ንጉሥ ፊት ይቆማል፤ ቆንሲል ግን በወደብ ወይም በገበያ ከተማ ተቀምጦ የአገሩን ነጋዴዎች ጉዳይ ይመለከታል፤ ለመንገደኛው የይለፍ ወረቀት ይሰጣል፤ የሚያየውንና የሚሰማውንም ለመንግሥቱ ይጽፋል። ይህ ልዩነት ሲያነቡት ትንሽ ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ቆንሲሉ እንደ ንግሥቲቱ አፍ ሆኖ ሲታይ፥ በሎንዶን ግን እንደ አንድ የወደብ ጸሐፊ ይቈጠር ስለ ነበረ፥ ከዚህ አለመተዋወቅ ብዙ መከራ ተወለደ።

ዋልተር ፕላውዴን የተባለው እንግሊዛዊ ከወዳጁ ከጆን ቤል ጋር በ1835 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፥ በራስ ዓሊ ዘንድ ተወዶ ኖረ። ወደ አገሩም ተመልሶ ስለ ንግድ ጥቅም ባመለከተ ጊዜ፥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ፓልመርስተን በጥር ወር 1840 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንሲል አድርጎ ሾመው። መቀመጫውም ምጽዋ ሆነ። የነገሩ ጠማማነት የጀመረው ከዚህ ነው፤ ቆንሲሉ የተሾመበት አገር መሳፍንት በደጋው ሲሆኑ፥ ምጽዋ በቱርክ እጅ ነበረች። ስለዚህ ቆንሲሉ ሥራውን ለመሥራት ወደ ደብረ ታቦር ቢወጣ ከመቀመጫው ይርቃል፤ በመቀመጫው ቢቀመጥ ደግሞ ከተላከበት ጌታ ይለያል።

ፕላውዴን ጥቅምት 24 ቀን 1842 ዓ.ም. ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ፕላውዴን ራሱ በጻፈው መሠረት፥ ውሉ በድንኳን ውስጥ ሲነበብ ራስ ዓሊ በዚያ ስለ ታሰረ አንድ ፈረስ ከባለሟሎቻቸው ጋር ይጫወቱ ነበር። አንብቦም ሲጨርስ፥ ነገሩ ክፋት እንደሌለበት፥ ነገር ግን በአሥር ዓመት እንኳ አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ወደዚህ አገር የሚመጣ ስለማይመስላቸው ጥቅሙ እንዳልታያቸው ተናገሩ። ብዙ ሰው ይህን ለስንፍና ይቈጥርባቸዋል፤ ስለ ነጋዴዎቹ የተናገሩት ግን እውነት ሆኖ ተገኘ።

በዚሁ ውል ውስጥ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። አንደኛው፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ የእንግሊዝን መልእክተኛ ወይም ቆንሲል እንደሚቀበል ሁሉ፥ የእንግሊዝም ንግሥት ከኢትዮጵያ የሚላከውን መልእክተኛ ወይም ቆንሲል ተቀብላ ልትጠብቅ መስማማቷ ነው። ሁለተኛው፥ በኢትዮጵያ የሚኖሩ እንግሊዞች ሲጣሉ ዳኝነቱ ለቆንሲሉ መሰጠቱ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነግሠው ፕላውዴን ይህንኑ ውል እንዲያጸኑለት በጠየቃቸው ጊዜ፥ ወዳጅነቱን ወደዱ፥ ቆንሲልነቱን ግን አልተቀበሉም። በመንግሥታቸው ውስጥ ከእሳቸው ፈቃድ ውጭ የሚፈርድ ሌላ ዳኛ መትከል ለዚያ ንጉሥ የሚዋጥ ነገር አልነበረም፤ ሌላውም ነገር አገሩ እስኪጸና ይቈይ አሉ። መልእክተኛ ወደ እንግሊዝ የመላኩን ሐሳብ ግን አልተዉትም። ፕላውዴንም እንደ ወዳጅ ሆኖ በአገሩ ቈየ። በሎንዶን ያሉት ሹማምንት ግን ወደ ምጽዋ እንዲመለስ አዘዙት። በ1852 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ ሲወርድ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠላት የጋረድ ሰዎች በመንገድ አቈሰሉት፤ በቤዛ ተለቆ ጎንደር ሲገባ በመጋቢት ወር ሞተ። ንጉሡ ደሙን ሊበቀሉ ዘምተው ጋረድ ሲገደል፥ ቤልም በዚያው ጦርነት ወደቀ።

በፕላውዴን ምትክ የተሾመው ካፒቴን ካሜሩን በ1854 ዓ.ም. ምጽዋ ደረሰ። ለፕላውዴን ስለ ተደረገው ውለታ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ጠመንጃና ሽጉጥም አቀረበ። ዐፄ ቴዎድሮስ የጠበቁት ጊዜ የደረሰ መሰላቸው። በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጽፈው፥ መልእክተኞቻቸው በምጽዋ በኩል ሲያልፉ ቱርኮች እንዳይዟቸው መንገድ እንድታስከፍትላቸው ለመኑ። የጠየቁት የውሉን ሁለተኛ ወገን ነበር፤ ቆንሲሉ ወደ እኛ እንደ መጣ የእኛም ሰው ወደ እናንተ ይምጣ ማለት ነው።

ደብዳቤው በየካቲት ወር ሎንዶን ገባ፤ መልስም ሳይሰጠው ከመዝገብ ጋር ተቀመጠ። የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቱርክ ጋር ሆኖ ሩስያን በክሪሚያ የወጋ ነው። ደግሞም አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ስለ ተዋጉ የላንካሽር ፋብሪካዎች ጥጥ አጥተው ወደ ግብጽ ይመለከቱ ነበር። ካሜሩን እንኳ ደብዳቤውን ራሱ እንዲያደርስ በንጉሡ ሲታዘዝ በሌላ ሰው ሰድዶ፥ በግብጽ ወደ ተያዘችው ወደ ከሰላ ወረደ፤ ከሥራው አንዱ የጥጥ ንግድ መመርመር ነበርና። ከንጉሡ ጠላቶች አገር ሲመለስ በእጁ መልስ አልነበረም። ከኢየሩሳሌምም የመጣው ወሬ ነገሩን አባባሰው፤ በዚያ ያለው የእንግሊዝ ቆንሲል ቀድሞ ይረዳቸው ለነበሩት ለዴር ሡልጣን መነኮሳት መርዳቱን ተወ።

በታኅሣሥ ወር 1856 ዓ.ም. ካሜሩን ታሰረ። መልስ የጠፋለት ንጉሥ ቢቈጣ አያስደንቅም፤ መልእክተኛን በሰንሰለት ማሰር ግን ያው ንጉሥ ለራሱ መልእክተኞች የለመነውን ጥበቃ ማፍረስ ነበር። የንግሥቲቱም ደብዳቤ የተጻፈው እስራቱ ከተሰማ በኋላ በግንቦት ወር ነው። ደብዳቤውን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ምጽዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሲጠብቅ ቈይቶ፥ በጥር ወር 1858 ዓ.ም. ከንጉሡ ፊት ደረሰ፤ ኋላም እሱ ራሱ ከእስረኞቹ ጋር ተያዘ። ከዚህ በኋላ የመጣው ጀኔራል ናፒየር ነው። የአሮጌው ጦርነት በስቅለት ዕለት ሆነ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በፋሲካ ማግሥት፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ።

ሠራዊቱ እስረኞቹን ይዞ ወጣ፤ የቆንሲሉም ነገር ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ተረሳ። የእንግሊዝ መንግሥት በኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ዘንድ ወኪሉን ያስቀመጠው ከዐድዋ ድል በኋላ በ1890 ዓ.ም. ሐሪንግተን ወደ ዐፄ ምኒልክ በተላከ ጊዜ ነው።

መቅደላ በተያዘች ጊዜ ከተገኙት ሕፃናት አንዱን አንድ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ህንድ ወስዶት ነበር። ያ ሕፃን በዚያ ተምሮ ሐኪም ሆነ፤ በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ሲገባም በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ይሟገቱ የነበሩት እኒሁ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።