ከማሽላው ጥላ ሥር፦ ቅጠል ሚዛኑን እንዴት ይጠብቃል?

እኩለ ቀን ላይ ጨፋ ሮቢት አካባቢ የማሽላ ማሳ ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ከላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ከሥር ጥላ ነው። ነፋስ ሲመጣ ቅጠሎቹ ገለጥ ይሉና ብርሃኑ ብልጭ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ይጠፋል። እናንተስ ቦታ ትቀይራላችሁ። ከማሽላው ሥር የበቀለው ተክል ግን እግር የለውም። ታዲያ ምን ይበጀው?

ጥላ ማለት እኮ የብርሃን ማነስ ብቻ አይደለም፤ ቀለሙም ይቀየራል። የላይኞቹ ቅጠሎች ቀዩንና ሰማያዊውን ይውጡታል። ወደ ታች በብዛት የሚያልፈው ዓይናችን በደንብ የማያየው ጥልቅ ቀይ ብርሃን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካዊው ሮበርት ኤመርሰን እንቆቅልሽ ገጠመው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥልቅ ቀይ ብርሃን ብቻውን ለብርሃን አስተፃምሮ ደካማ ነው። አጠር ያለ ሞገድ ያለው ብርሃን ሲታከልበት ግን ውጤቱ ከሁለቱ ድምር በለጠ! ኤመርሰን መልሱ ሲሟላ አላየም፤ በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። መልሱ ይህ ነበር፦ በቅጠል ውስጥ ሁለት ክፍሎች ተከታትለው ይሠራሉ። ፎቶሲስተም ሁለት ኤሌክትሮን ይልካል፣ ፎቶሲስተም አንድ ይቀበላል። ጥልቅ ቀዩን በደንብ የሚጠቀመው ፎቶሲስተም አንድ ነው። እንደ ጥማድ በሬ አስቧቸው፤ አንዱ ከቀደመ እርሻው ይበላሻል።

በ1969 ሴሊያ ቦናቬንቱራና ጃክ ማየርስ በአረንጓዴ አልጌ፣ ኖሪዮ ሙራታ ደግሞ በቀይ አልጌ ላይ ሲሠሩ አንድ ነገር አዩ። የብርሃኑ ቀለም ሲቀየር፣ አልጌው በደቂቃዎች ውስጥ ጉልበቱን ለሁለቱ ክፍሎች እንደገና ያከፋፍላል። ግን በምን ዘዴ?

ፍንጩ በ1977 ተገኘ። ጆን ቤኔት ለአተር ክሎሮፕላስት ራዲዮአክቲቭ ፎስፌት ሰጠ። ብርሃን ሲበራ ፎስፌቱ ብርሃን ሰብሳቢ ፕሮቲኖች ላይ ተለጠፈ። በ1981 ጆን አለን፣ ቤኔትና ሁለት ባልደረቦቻቸው ነገሩን ቋጩት። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ኤሌክትሮን የሚያመላልስ ፕላስቶኪኖን የሚባል ሞለኪውል አለ። ፎቶሲስተም ሁለት ሲቀድም ተሸካሚው ይሞላል፤ ያኔ አንድ ኢንዛይም ይነቃና ፎስፌት ይለጥፋል። ፎስፌት የተለጠፈባቸው ሰብሳቢዎች ፎቶሲስተም አንድን ለማገዝ ይሄዳሉ። ጥላ ሲመጣስ? ተሸካሚው ይራቆታል፣ ፎስፌቱ ይነሳል፣ ሰብሳቢዎቹም ይመለሳሉ። አዲስ ፕሮቲን መሥራት አያስፈልግም፤ ትንሽ ምልክት በቃች።

ኢንዛይሙ ራሱ የታወቀው ቆይቶ ነው። የጄኔቫ ተመራማሪዎች በ2003 በአልጌ፣ በ2005 ደግሞ አረቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ ተክል ውስጥ ለዩት። ይህች ተክል በአገራችን ከፍተኛ ተራሮችም ትበቅላለች። ኢንዛይሙን ያጣችው ተክል ብርሃኑ ሲቀያየርባት እድገቷ ተጎዳ።

ታሪኩ አለቀ? ገና! በ2018 ሌላ ኢንዛይም ታወቀ፤ እሱ የሚለጥፈው አሴቲል የተባለ ምልክት ነው። እሱ ሲጎድል ፎስፌቱ በትክክል ቢለጠፍም ሰብሳቢዎቹ ከፎቶሲስተም አንድ ጋር አይጣመሩም። ለምን? ይህን ጥያቄ ምናልባት ከእናንተ አንዳችሁ ትመልሱት ይሆናል። እስከዚያው በማሽላ ማሳ ስታልፉ ጎንበስ ብላችሁ ከሥር ያለውን ቅጠል እዩት። ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል እንጂ ሥራ ላይ ነው።