የሩጫ ጽናት እንዴት ይገነባል? ለጂማና ለአካባቢዋ ጀማሪ ሯጮች

ለጤናው ብሎ ሩጫ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚተወው ሰንፎ ሳይሆን ከአቅሙ በላይ ፈጥኖ በመነሳቱ ነው። እኛም ጂማ ውስጥ ስናስተምር ከሱብሒ ሶላት በኋላ አራት ሆነን ጀምረን፣ በመጀመሪያው ሳምንት የጅሬንን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በሙሉ ኃይላችን ወጣነው። ወር ሳይሞላ ሁለቱ ወንድሞች በጉልበት ሕመም ቀሩ። ሦስተኛው ደግሞ "ሰውነቴ ለሩጫ አልተፈጠረም" ብሎ ተወው። ይህ ወንድም የደም ግፊት ስላለበት ሐኪም እንቅስቃሴ አዝዞለት የመጣ ነበር፤ እስከ ዛሬ የምንጸጸተው በእሱ ነው።

በዝግታ ሲሮጥ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይጨምራል፣ በጡንቻ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይበዛሉ። ይህ ለውጥ ሳምንታት ይፈልጋል። ጅማትና አጥንት ደግሞ ከትንፋሽ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። ትንፋሹ የተሻለው ሰው ጉልበቱን የሚያመው ለዚህ ነው።

ለመለኪያ ሰዓትም ስልክም አያስፈልግም። እየሮጡ ከጓደኛ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው። ንግግሩ ከተቆራረጠ ይቀንሱ፤ ካስፈለገም ይራመዱ፣ ነውር የለውም።

ጀማሪ ቀን እያሳለፈ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ 2 ደቂቃ እየሮጠ 2 ደቂቃ እየተራመደ ለ20 ደቂቃ ይጀምር። የሩጫው ጊዜ ቀስ በቀስ ይርዘም፣ የእርምጃው ይጠር። 30 ደቂቃ ሳያቋርጥ መሮጥ ሲችል ከሦስቱ ቀናት አንዱን ረጅም ያድርገው፤ በሳምንት 5 ደቂቃ ብቻ ይጨምር፣ በየአራተኛው ሳምንትም ቀነስ አድርጎ ይረፍ። ዳገትና ፍጥነት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ፤ እነሱም በሳምንት አንድ ቀን ይበቃሉ።

ጂማ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ያነሰ ስለሆነ ከመዲናዋ ለመጣ ሰው ትንፋሹ ይቀለዋል። ከቆላ የመጣ ግን ለሁለትና ሦስት ሳምንት ቢያለከልክ አይደንግጥ። ዝናቡ ብዙ ወራት ስለሚቆይና ቀዩ አፈር ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት፣ ያን ጊዜ ከቁልቁለት ሜዳ ይመረጣል። አስፋልት ላይ የሚሮጥ የግራውን ጠርዝ ይያዝ፤ የሚመጣውን የጭነት መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። በአጋሮና በሊሙ ገነት በኩል በቡና ለቀማ ወቅት ተዳፋት ላይ ሲለቅም የዋለ ሰው ደግሞ የቀን ልምምዱን ጨርሷል፤ በዚያ ላይ ሩጫ መጨመር ጉዳት መጋበዝ ነው።

ጂማ ላይ ሆኖ ስለ ቡና ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ከሩጫ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የተጠጣ ስኒ፣ በውስጡ ባለው ካፌይን ድካምን ያዘገያል። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ግን ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚወስደውን የብረት ማዕድን ይቀንሰዋል። ብረት ያነሰው ሰው የቱንም ያህል ቢለማመድ ቶሎ ይዝላል፤ በተለይ እኅቶች ልብ ይበሉ። ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይሻላል።

በረመዷን የሚሮጠው ያለውን ጽናት ለመጠበቅ እንጂ ለመጨመር አይደለም። ከመግሪብ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ጥሩ ነው፤ ውሃው ቅርብ ነው። ማታ ከተራዊሕ በኋላም ይቻላል። አዳማ የተወለደችውና ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፈን ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2023 የለንደን ማራቶንን ያሸነፈችው ረመዷን ባለቀ በቀናት ውስጥ ነበር። መንገድ ላይ ዳሌዋን አሟት ቆማ ስታፍታታ ከመሪዎቹ ወደ ኋላ ቀርታ፣ ተረጋግታ ደርሳባቸው በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ገባች። ሩጫ ሙያዋ ነውና ልምምዷን ሳይሆን መረጋጋቷን ነው መውሰድ ያለብን።

የስኳር፣ የልብ ወይም የግፊት ሕመም ያለበት ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ በጾም ወቅትማ ይበልጥ። ሲሮጥ ደረቱን የወጋው ወይም ያዞረው ሰው እዚያው ያቁም፣ ጾመኛም ቢሆን ሕክምና ለማግኘት መግሪብን አይጠብቅ።