የሕዳሴ ግድብ ቁጥሮችና አካፋዮቻቸው

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ጉባ ላይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ የታቀደው ኃይል 5250 ሜጋዋት ነበር፤ ይኸውም 15 ተርባይኖች በ350 ተባዝተው ነው። ኋላም ዕቅዱ ወደ 6000 ከፍ ሲል ስሌቱ 16 በ375 ሆነ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ግን 13 ተርባይኖችና 5150 ሜጋዋት አሉት። የዚህን ቁጥር አካፋይ ጥንዶች ለማግኘት እስከ 71 መሞከር ይበቃል፤ 72 በራሱ ሲባዛ 5184 ይሆናልና። የሚገኙትም 1ና 5150፣ 2ና 2575፣ 5ና 1030፣ 10ና 515፣ 25ና 206፣ 50ና 103 ናቸው። 13 ከነዚህ መካከል የለም። ስለሆነም የእያንዳንዱ ተርባይን ኃይል ሙሉ ቁጥር ሜጋዋት ከሆነ ተርባይኖቹ እኩል ሊሆኑ አይችሉም።

በእርግጥም ግንባታው ሳይጠናቀቅ ኃይል እንዲሰጡ የታሰቡት ሁለቱ ባለ 375፣ የቀሩት 11 ደግሞ ባለ 400 ሜጋዋት ናቸው። መሐንዲስ የአንድን ሥራ ጠቅላላ ቁጥር ሲያይ አካፋዮቹን ይፈልግ፤ ዕቅዱ በየትኛው ደረጃ እንደተለወጠ ፍንጭ ያገኝበታል።